መረቅ ወይስ ጥራጥሬ? ሰውነት ከየትኛው ምን ያገኛል?

ሰው ሲታመም ወይም አቅም ሲያጣ ቶሎ የሚታሰበው መረቅ ነው። አጥንት ተጥዶ ለሰዓታት ይንተከተካል፤ መዓዛው ቤቱን ይሞላዋል፤ ከዚያ ትኩሱ በኩባያ ይቀርባል። ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ ይህን ክብር አያገኙም። ሌላ ሲጠፋ የሚበሉ ተራ ምግቦች ተደርገው ይታያሉ። በዚህ ላይ የአጥንት መረቅ በማኅበራዊ ሚዲያ ስሙ ገኗል። ቆዳ ያሳምራል፣ መገጣጠሚያ ይጠግናል፣ አንጀት ያድሳል የሚሉ ቪዲዮዎች እንደ ጉድ ይዘዋወራሉ።

የሁለቱ ይዘት ጎን ለጎን ሲመረመር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጉልበትም፣ ፕሮቲንም፣ ብረትም በብዛት ያለው ተራ በተባለው በኩል ነው። መረቅ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። የራሱ ቦታ አለው፤ ወደ ኋላ እንመጣበታለን። የሚያሳስበኝ በምግብ ቦታ ሲተካ ነው። ምክንያቱም በዚህ ስህተት የሚጎዱት ብዙ ጊዜ በትንሹ መብላት የሚችሉት ናቸው፤ ሕፃናት፣ አረጋውያንና ከሕመም የሚያገግሙ ሰዎች።

ለመሆኑ መረቅና ጥራጥሬ ስንል የቱን ነው?

ጥራጥሬ የምንለው በእሸትነቱ በቅርፊት ውስጥ ተደርድሮ የሚያድገውን ፍሬ ነው። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ቦሎቄና አኩሪ አተር እዚህ ይገባሉ። ለውዝም በዝርያው የእነሱ ቤተሰብ ነው። ስንዴ፣ ሩዝና በቆሎ ግን ሌላ ወገን ናቸው።

መረቅ ደግሞ ሥጋ፣ አጥንት ወይም ሁለቱም የተቀቀሉበት ውሃ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ሥጋው ከነመረቁ ከተበላ እየተበላ ያለው ሥጋ ነው፤ ያ የተሟላ ፕሮቲን ያለው ምግብ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያወራው ስለ ፈሳሹ ብቻ ነው፤ ተጠልሎ በኩባያ ስለሚጠጣው።

ሲቀቀል ወደ ውሃው የሚገባው ምንድን ነው?

ድስቱን ጠጋ ብሎ ማየት ብዙ ነገር ይናገራል። ሥጋና አጥንት በቀዝቃዛ ውሃ ሲጣድ መጀመሪያ ውሃው ደፍረስ ይላል። ሙቀቱ ሲጨምር ግራጫ አረፋ ወደ ላይ ይወጣል። ብዙ ሰው በማንኪያ እየገፈፈ ይደፋዋል። ያ አረፋ በአብዛኛው ከሥጋው ወጥቶ በሙቀት የረጋ ፕሮቲን ነው። ከዚያ ቢጫ የስብ ጠብታዎች ይንሳፈፋሉ። ከብዙ ሰዓት በኋላ ፈሳሹ ይጠራል፣ ቀለሙ ይወርዛል፣ ጣዕሙ ይጠልቃል። ታች የቀረው ሥጋ ግን አሁንም ሥጋ ነው፤ አጥንቱም አጥንት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ውሃ የሚወስደው የሚሟሟለትን ብቻ ነው። ጨውና ፖታሲየም ይሟሟሉ። ጣዕም የሚሰጡ ጥቃቅን ውህዶች ይሟሟሉ። አንዳንድ የቢ ቫይታሚኖችም በከፊል ይወጣሉ። የሥጋው ዋና ፕሮቲን ግን አይሟሟም። ሲሞቅ ይጠነክርና እዚያው ይቀራል። ብረቱም በብዛት የሚቀረው ሥጋው ውስጥ ነው።

ሻይ ቅጠልን አስቡ። ውሃው ቀለሙን፣ ሽታውንና ጣዕሙን ይወስዳል፤ ቅጠሉ ግን ማንቆርቆሪያው ውስጥ ይቀራል። ሻይ ጠጥተን ቅጠል በላን አንልም። የሥጋ መረቅ ጠጥቶ ሥጋ እንደበሉ ማሰብም ያው ነው።

ታዲያ ለምንድን ነው መረቅ ጉልበት የሚሰጥ የሚመስለን? ጣዕሙ ነው ዋናው። በመረቅ ውስጥ የሚሟሟው ግሉታሜት የሚባለው አሚኖ አሲድ ምላስ ላይ ጠለቅ ያለ የሥጋ ጣዕም ይፈጥራል። ምላስ ይህን ሲቀምስ ፕሮቲን የመጣለት ይመስለዋል። ሙቀቱ ይጨመርበታል፤ ጨውና ፈሳሹም እንደዚሁ። ደክሞትና ሰውነቱ ደርቆ ለቆየ ሰው እነዚህ በደቂቃዎች ውስጥ የሚሰማ ለውጥ ያመጣሉ። ስሜቱ እውነተኛ ነው። የምግብ ይዘቱ ግን ከስሜቱ ያነሰ ነው።

በቁጥር ሲታይ ልዩነቱ ምን ያህል ነው?

አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር እንውሰድ፤ ወደ 200 ግራም ገደማ። በውስጡ 230 ካሎሪ ያህል ጉልበት፣ 18 ግራም ፕሮቲንና 15 ግራም ገደማ አሰር ይገኛል። አሰር ማለት ትንሹ አንጀት የማይፈጨው፣ ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ግን የሚመገቡት የዕፅዋት ክፍል ነው። ከዚህ ሌላ ከ6 ሚሊግራም በላይ ብረትና 350 ማይክሮግራም ገደማ ፎሌት አለው። ፎሌት ሰውነት አዳዲስ ሕዋሳትን ለመሥራት የሚፈልገው የቢ ቫይታሚን ነው። ለአንድ አዋቂ የሚመከረው በቀን 400 ማይክሮግራም ስለሆነ አንዷ ኩባያ አብዛኛውን ሸፈነች ማለት ነው።

አሁን አንድ ኩባያ የተለመደ የበሬ መረቅ እንውሰድ። ጉልበቱ ከ10 እስከ 20 ካሎሪ ነው። ፕሮቲኑ 3 ግራም ገደማ ነው። አሰር የለውም። ፎሌቱና ብረቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በብዛት ያለው አንድ ነገር ሶዲየም ነው፤ ማለትም ጨው ውስጥ የሚገኘው ማዕድን። ታሽጎ በሚሸጠው መረቅ ወይም በደረቅ የመረቅ ቅመም በተሠራው አንድ ኩባያ ውስጥ ከ700 እስከ 900 ሚሊግራም ሶዲየም ማግኘት የተለመደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ2,000 ሚሊግራም በታች ይሁን ይላል።

እስቲ እናስላው። 60 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ አዋቂ በቀን ቢያንስ 48 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ከመረቁ ብቻ ላግኝ ቢል 16 ኩባያ መጠጣት ይኖርበታል። ያ ሁሉ መረቅ ከተፈቀደው ስድስት እጥፍ ገደማ ሶዲየም ይዞ ይመጣል። ከምስሩ ቢሆን ከሦስት ኩባያ ያነሰ ይበቃዋል።

ሌሎቹ ጥራጥሬዎችም ከምስር ብዙ አይርቁም። የበሰለ ሽምብራና ቦሎቄ በ100 ግራም 9 ግራም ገደማ ፕሮቲን አላቸው። አኩሪ አተር ግን ለብቻው ነው፤ በ100 ግራም 17 ግራም ገደማ ይደርሳል።

በቤት ውስጥ ለብዙ ሰዓት የተንተከተከ ወፍራም የአጥንት መረቅ ከዚህ የተሻለ ፕሮቲን ሊኖረው ይችላል። አንዳንዱ በኩባያ ከ8 እስከ 10 ግራም ይደርሳል። ቁጥሩ ጥሩ ይመስላል። ግን ፕሮቲን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

መረቁ ፍሪጅ ውስጥ ሲረጋ ፕሮቲኑ ብዙ ነው ማለት አይደለም ወይ?

ጥሩ የአጥንት መረቅ ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ይረጋል። ኩባያውን ሲነቀንቁት ይንቀጠቀጣል። ያን የሚያደርገው ጄላቲን ነው። ጄላቲን የሚመጣው ከኮላጅን ነው፤ ኮላጅን ደግሞ ቆዳን፣ ጅማትንና አጥንትን አጥብቆ የሚይዘው ፕሮቲን ነው። ለረጅም ሰዓት በእርጥብ ሙቀት ሲቆይ ይፈታና ውሃው ውስጥ ይሟሟል።

ጄላቲን በእርግጥ ፕሮቲን ነው። ነገር ግን ጎዶሎ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኖች ሁሉ የሚሠሩት አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ነው። ከእነዚህ ውስጥ ዘጠኙን ሰውነታችን ራሱ መሥራት አይችልም፤ ከምግብ ማግኘት ግድ ነው። ከዘጠኙ አንዱ ትሪፕቶፋን ይባላል። ጄላቲን ውስጥ ትሪፕቶፋን የለም። ሌሎቹም ቢሆኑ በርካቶቹ ያንሳሉ። በብዛት ያሉት ግላይሲንና ፕሮሊን ናቸው፤ እነሱን ሰውነት በራሱ መሥራት ይችላል። የፕሮቲን ጥራት በሚለካበት ዓለም አቀፍ መለኪያ ጄላቲን ብቻውን ዜሮ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ታሪኩ ረጅምና አሳዛኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1679 ፈረንሳዊው ዴኒስ ፓፐን በእንፋሎት ግፊት አጥንት የሚያለሰልስ የተዘጋ ድስት ለንደን ውስጥ አሳየ። የዛሬው የግፊት ድስት አያት እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሐሳብ ሰዎችን ሲያጓጓ ኖረ፤ የሚጣለውን አጥንት ወደ ድሃ ምግብ መለወጥ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፓሪስ ውስጥ ኬሚስቱ ዳርሴ ከአጥንት ጄላቲን እያወጣ ለሆስፒታል ሕሙማንና ለድሆች በሾርባ መልክ እንዲሰጥ አደረገ። ሐሳቡ ቅን ነበር። ርካሽ፣ ብዙ ሰው የሚያዳርስ፣ ብክነት የሌለው።

ቅሬታው ግን በረታ። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚሽን አቋቋመ፤ የመራው የፊዚዮሎጂ ሊቁ ፍራንሷ ማዠንዲ ነበር። ዓመታት የፈጀው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1841 በሪፖርት ወጣ። በሙከራው ጄላቲን ብቻ የተሰጣቸው ውሾች መኖር አልቻሉም። ለምን እንደሆነ በቅጡ ማስረዳት በዚያን ጊዜ አይቻልም ነበር። ትሪፕቶፋን የሚባል ነገር መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው፤ እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ጎውላንድ ሆፕኪንስ ለይቶ ሲያወጣው። በመሐል ስንት ሕመምተኛ በጄላቲን ሾርባ ጠግበሃል ተብሎ እንደነበር ሳስብ ያመኛል።

ኮላጅን ጠጥቼ ቆዳዬና መገጣጠሚያዬ ኮላጅን አያገኙም?

በቀጥታ አያገኙም። የተዋጠው ጄላቲን ሆድና አንጀት ውስጥ ይፈጫል። ወደ ደም የሚገባው ተሰባብሮ፣ አሚኖ አሲድና አጫጭር ቁርጥራጭ ሆኖ ነው። ሰውነት ከዚያ በኋላ ለሚያስፈልገው ሥራ ያውለዋል፤ ከበሬ መገጣጠሚያ መጣ ብሎ ወደ መገጣጠሚያችን አይልከውም። ተዘጋጅቶና ተለክቶ በሚሸጥ የኮላጅን ዱቄት ላይ የተሠሩ ጥናቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ መጠነኛ ለውጥ አሳይተዋል። ያ ግን መጠኑ ከማይታወቅ ከአንድ ኩባያ መረቅ ጋር አንድ አይደለም። በነገራችን ላይ ሰውነት የራሱን ኮላጅን ለመሥራት ቫይታሚን ሲ የግድ ይፈልጋል። መረቅ ውስጥ ቫይታሚን ሲ የለም ማለት ይቻላል።

ከአጥንቱ የሚወጣው ካልሲየምስ?

አጥንት በካልሲየም የተሞላ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ካልሲየሙ ተራ ውሃ በማያሟሟው ጠንካራ ማዕድን መልክ ነው የተቀመጠው። ያ ባይሆን ኖሮ አጥንቱ ድስቱ ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ማካንስ፣ ሼልደንና ዊዶውሰን የተባሉ የለንደን ተመራማሪዎች ለሕፃናት ይሰጥ የነበረውን የአጥንትና የአትክልት መረቅ መርምረው ነበር። የምግብ ይዘቱ ከወተት ጋር የሚወዳደር አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሌላ ጥናትም የመረቅ ካልሲየምና ማግኒዚየም አንድ ሰው በቀን ከሚያስፈልገው 5 ከመቶ እንኳ እንደማይሞላ አሳይቷል። ኮምጣጤ ሲጨመር የሚወጣው መጠን ከፍ ይላል። ድስት ውስጥ በሚጨመረው ልክ ግን መረቁን ወተት አያደርገውም።

ጥራጥሬስ እንከን የለውም?

አለው። ሦስት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ፕሮቲኑ ነው። ጥራጥሬ ዘጠኙም አስፈላጊ አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ነገር ግን ሜቲዮኒን የሚባለው ያንሰዋል። እንደ ስንዴ፣ ሩዝና በቆሎ ያሉ እህሎች ደግሞ በተቃራኒው ናቸው። ሜቲዮኒን አላቸው፤ ጥራጥሬ ውስጥ የሞላው ላይሲን ግን ይጎድላቸዋል። ስለዚህ ሁለቱ ይሟላሉ። ድሮ በአንድ ማዕድ መበላት አለባቸው ይባል ነበር። አሁን የሚታወቀው በዚያው ቀን ከተበሉ በቂ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ብረቱ ነው። እዚህ ላይ ሰፋ አድርገን እንየው፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነውና። ምግቡ ውስጥ ያለው ብረትና ሰውነት የሚወስደው ብረት አንድ አይደሉም። የሥጋ ብረት በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። የጥራጥሬ ብረት ግን ፋይቴት ከሚባል ነገር ጋር የተያያዘ ነው። ፋይቴት ዘሩ ፎስፈረስ የሚያከማችበት መንገድ ነው፤ ለእኛ ግን ብረትንና ዚንክን አስሮ ይይዝብናል። ከምስሩ 6 ሚሊግራም ብረት ትንሹ ክፍል ብቻ ነው የሚደርሰን።

ደስ የሚለው ነገሩ መፍትሔ አለው። ጥራጥሬን በውሃ መዘፍዘፍ፣ በተለይም እንዲያጎነቁል ማድረግ ወይም ማብላላት ፋይቴቱን ይቀንሳል። ዘሩ ሊበቅል ሲነሳ ያከማቸውን ለመጠቀም ፋይቴቱን ራሱ መፍታት ይጀምራል። ቫይታሚን ሲ ያለበትን ነገር አብሮ መብላትም ብረቱ በደንብ እንዲገባ ያግዛል። ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲም፣ ጥሬ ቃሪያ፣ ማንኛውም ይሆናል። ሻይና ቡና በተቃራኒው የሚገባውን ብረት ይቀንሳሉ፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ቢርቁ ይሻላል። ትንሽ ሥጋ አብሮ ቢበላ ደግሞ የጥራጥሬው ብረት ራሱ የተሻለ ይገባል። ይህን የሚያደርገው ግን ሥጋው ነው።

ሦስተኛው ቫይታሚን ቢ12 ነው። ጥራጥሬ ውስጥ የለም። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት ጨርሶ የማይበላ ሰው ከተጨመረበት ምግብ ወይም ከእንክብል ማግኘት አለበት። መረቅ ጥቂት ቢ12 ሊኖረው ይችላል፤ እንደ ዋና ምንጭ የሚታመንበት ግን አይደለም።

ሆድ ይነፋል የሚባለውስ?

እውነት ነው፤ ምክንያቱም ይታወቃል። ጥራጥሬ ውስጥ ራፊኖዝና ስታክዮዝ የሚባሉ ስኳሮች አሉ። እነሱን የሚፈጨው ኢንዛይም አንጀታችን ውስጥ የለም። ስለዚህ ሳይፈጩ ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ። እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ሲመገቧቸው ጋዝ ይፈጠራል።

ግን እነዚያው ባክቴሪያዎች ስኳሩንና አሰሩን ሲመገቡ ቡቲሬት የሚባል አሲድም ይሠራሉ። የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋና ምግባቸው እሱ ነው። አንጀት ያድሳል እየተባለ ለመረቅ የሚሰጠው ምስጋና ለጥራጥሬ ቢሰጥ ይበልጥ የሚገባው በዚህ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ሙከራዎችን አንድ ላይ ያየና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ትንተና በቀን 130 ግራም ያህል ጥራጥሬ መብላት መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል በ5 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ላልለመደ ሰው ቀስ ብሎ መጀመር ነው የሚያዋጣው። በትንሽ በትንሹ፣ በሳምንታት ውስጥ እየጨመሩ። የተዘፈዘፈበትን ውሃ መድፋትም ይረዳል፤ ከስኳሮቹ የተወሰኑት አብረው ይሄዳሉ። ምስር፣ በተለይ ክኩ፣ ከቦሎቄ ይልቅ ለሆድ ይቀላል።

መረቅ ታዲያ መቼ ይጠቅማል?

ምግብ አልዋጥ ሲል። ጉሮሮ ሲታመም፣ አፍንጫ ሲዘጋ፣ ሰውየው ምንም አላሰኘኝም ሲል። ያኔ ትኩስ ፈሳሽ በራሱ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1978 ማያሚ ውስጥ የተሠራ አነስተኛ ጥናት ትኩስ የዶሮ ሾርባ የአፍንጫ ፈሳሽን እንቅስቃሴ እንደሚያፈጥን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ የኔብራስካ ተመራማሪዎች የዶሮ ሾርባ በላቦራቶሪ ዕቃ ውስጥ የአንዳንድ ነጭ የደም ሕዋሳትን እንቅስቃሴ እንደሚያበርድ አዩ። ያ ሙከራ በሰው ላይ የተሠራ አይደለም፤ ሾርባውም አትክልት የገባበት ነበር።

የጠፋ የምግብ ፍላጎትን መጥራትም መረቅ የሚችለው ነገር ነው። ጥቂት ፉት ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ቀጥሎ ይበላል። ብዙ ላብ ላላበውም ፈሳሽና ጨው ይተካል።

ተቅማጥ ሲሆን ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀለል ያለ ጨው ያለው ሾርባ ከሚሰጡ ፈሳሾች አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ኦአርኤስን፣ ማለትም በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ ለመተካት በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን ዱቄት፣ ግን አይተካም። ኦአርኤስ ውስጥ ግሉኮስና ጨው ተለክተው የገቡት በምክንያት ነው። ግሉኮሱ ሶዲየሙንና ውሃውን ይዞ በአንጀት ግድግዳ በኩል ያስገባል። መረቅ ውስጥ ግሉኮስ የለም፤ ጨውም የተለካ አይደለም።

ለሕፃን መረቅ መስጠት ምን ችግር አለው?

ይህን ክፍል ሳይዘሉ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ሕፃን ስድስት ወር ሲሞላው ከእናት ጡት ወተት ጋር ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል። ሆዱ ግን ትንሽ ነው። በአንድ ጊዜ የሚይዘው በክብደቱ በኪሎ 30 ግራም ገደማ ነው። 8 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ይህ አንድ ኩባያ ያህል ይሆናል። ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ጡት የሚጠባ ሕፃን ከተጨማሪ ምግብ በቀን 200 ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል።

አሁን ያቺን አንዷን ኩባያ በመረቅ እንሙላት። 15 ካሎሪ ገደማ ገባ። ሆዱ ሞልቷል፤ ስለዚህ ሌላ አይቀበልም። ሆዱ ስለሞላ ልጁ አያለቅስም፤ ስለዚህ ማንም ምግብ እንደጎደለው አይጠረጥርም። በዚያው ኩባያ በደንብ የበሰለና የተፈጨ ጥራጥሬ በጥቂት ዘይት ቢቀርብ ከአሥር እጥፍ በላይ ጉልበት ያገኛል፤ ፕሮቲኑና ብረቱ ሳይቆጠር። በተጨማሪም የመረቁ ጨው ለሕፃን ኩላሊት ሸክም ነው። የሥጋን ጥቅም ለልጁ መስጠት የሚፈልግ ቤተሰብ ሥጋውን ራሱን በደንብ ቀቅሎ፣ አድቅቆ ወይም ፈጭቶ ይስጠው።

ጥርስ ለጎደላቸው አረጋውያንና ከሕመም ለሚያገግሙም ነገሩ ያው ነው። ጡንቻቸው እየሳሳ ባለበት ሰዓት ነው ፕሮቲን በደንብ የሚያስፈልጋቸው። ማኘክ ካቃተ ጥራጥሬው ይፈጭ፣ ሥጋው ይድቀቅ። መረቁ ማላሻ ይሁን እንጂ ምግቡ አይሁን።

ማን ነው ጠንቀቅ ማለት ያለበት?

የደም ግፊትና የልብ ድካም ያለባቸው ከመረቅ ጨው መጠንቀቅ አለባቸው። ሪህ ያለባቸውም እንዲሁ። ከሥጋ ወደ ውሃው ከሚሟሟው አንዱ ፑሪን ነው፤ ሰውነት ውስጥ ወደ ዩሪክ አሲድ ይለወጣል፤ ሪህን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ጥራጥሬም ፑሪን አለው ተብሎ ለዓመታት ይከለከል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ፣ ከ47 ሺህ በላይ ወንዶችን ለ12 ዓመት የተከታተለ ጥናት ግን ሥጋና የባሕር ምግብ የሪህን ዕድል ሲጨምሩ ፑሪን የበዛባቸው የዕፅዋት ምግቦች እንደማይጨምሩ አሳይቷል።

በጥራጥሬ በኩል ደግሞ የከፋ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው በፖታሲየሙ ምክንያት መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎችም አሉ፤ በዓለም ላይ 400 ሚሊዮን ገደማ ይሆናሉ። ከእነሱ አንዳንዶቹ ባቄላ ሲበሉ ቀይ የደም ሕዋሳታቸው ይፈርሳል። ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው፤ ባቄላን ጨርሶ መተው አለባቸው።

ቀይ ቦሎቄ የሚያበስል ሁሉ ደግሞ ይህን ይወቅ። በደንብ ያልበሰለ ቀይ ቦሎቄ ውስጥ ሌክቲን የሚባል መርዝ አለ። አራት አምስት ፍሬ ብቻ ከባድ ትውከት ሊያስከትል ይችላል። ቢያንስ አምስት ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ ውሃው ይደፋ፣ ከዚያ በአዲስ ውሃ በደንብ ይፍላ። የሚንተከተከው ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ይሁን፤ አንዳንድ ተቋማት 30 ደቂቃ ይላሉ። ሳይፈላ በዝግታ ብቻ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ላይ በቀጥታ መጣድ አደገኛ ነው፤ ለብ ባለ ሙቀት መርዙ ጭራሽ ሊብስ ይችላል።

ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግስ?

እኔን ብትጠይቁኝ ይህ ነው የሚሻለው። ጥራጥሬውን በመረቅ መቀቀል። መረቁ የሚችለውን ይሰጣል፤ ጣዕምን። ጥራጥሬው የቀረውን ይሸፍናል። ጄላቲን የጎደለው ትሪፕቶፋን ከጥራጥሬው ስለሚገኝ የመረቁ ፕሮቲን ራሱ ከብቻው ይልቅ ይጠቅማል። መረቁ ቤት የተሠራ ከሆነ ጨው ሳይጨመርበት ይቀቀል፤ መጨረሻ ላይ ተቀምሶ ትንሽ ጣል ይደረግ።

የተቀቀለበትን ውሃ ደግሞ አትድፉት። የተዘፈዘፈበት ይደፋል፤ የበሰለበት ይበላል። ፎሌት ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ ጥሩ ድርሻው ወደዚያ ይወጣል። ከቆርቆሮ የወጣ ጥራጥሬ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፤ ፈሳሹን ደፍቶ በውሃ ማለቅለቅ ከጨው ሲሶውን ያህል ይቀንሳል።

ሎሚውና ቲማቲሙ የሚገቡት ጥራጥሬው ከለሰለሰ በኋላ ነው። አሲድ ቀድሞ ከገባ ፍሬው ጠንክሮ ይቀራል፤ ሰዓታት ቢንተከተክም በቀላሉ አይበስልም። ሎሚው ደግሞ ሳህን ላይ ከወጣ በኋላ ቢጨመቅ ቫይታሚን ሲው በሙቀት አይጠፋም።